ጥበብና ብልጠት በክርስቲያን ኑሮ

በትምህርት ቤታችን ግቢ በዕረፍት ሰዓት ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ሁለት ቃላት ሲመላለሱ ይሰማል፤ እነርሱም «አራዳ» እና «ፋራ» የሚባሉት ናቸው። ምንም እንኳ እርስ በርሳችን የምንነጋገረው በትግርኛ ቢሆን፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ግን ከአዲስ አበባ ተቀብለን የራሳችን አድርገናቸዋል። አራዳ የሚባለው ሰልፍ ሳይጠብቅ የሚገባ፣ ሳያጠና የሚያልፍ፣ ሳይከፍል የሚሳፈር ልጅ ነው። ፋራ የሚባለው ደግሞ ተራውን የሚጠብቅ፣ መሬት ላይ ወድቆ ያገኘውን ብር «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም ተማሪ ፋራ መባልን ስፈራ ኖሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ፍርሃቱ ፈጽሞ አልለቀቀኝም። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ጥበብ ጥቂት ሐሳብ ለመስጠት የተነሣሁትም ሌሎችን ለማስተማር ሳይሆን፣ ይህን ፍርሃቴን ከወንድሞቼና ከእኅቶቼ ጋር ሆኜ ለመመርመር ነው።

አባቶቻችን ነገሩን ከእኛ በተሻለ ለይተው ያውቁት ነበር። በትግርኛ «ጎራሕ» የሚባል ሰው አለ፤ «ለባም» የሚባልም አለ። ጎራሕ መንገዱን የሚያውቅ፣ በቀላሉ የማይያዝ፣ ከሌላው ቀድሞ የሚያሰላ ነው። ለባም ግን፣ በአማርኛ ልባም እንደምንለው፣ ልብ ያለው ሰው ነው። ሁለቱም አእምሮ አላቸው። ነገር ግን በሰፈር ውስጥ ጠብ ተነሥቶ ሽማግሌ ሲፈለግ፣ ወይም አንድ ሰው ልጆቹን በአደራ የሚሰጠው ሲያጣ፣ ጎራሑን ጥሩልኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ ከላይ የምትመጣውን ጥበብ ከምድራዊቱ ጥበብ ሲለይ፣ የትኛዋ የበለጠ ታውቃለች ብሎ አይጠይቅም፤ የሚመለከተው በዙሪያዋ ምን እንዳበቀለች ነው። የአንዲቱ ፍሬ ቅንዓትና ሁከት ነው፤ የሁለተኛይቱ ሰላምና ምሕረት። ስለዚህ ምድራዊት ጥበብ ማለት አላዋቂነት አይደለም። አላዋቂነት ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተመኛት ነበር።

ይህን በግልጽ ያሳየኝ በ2016 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ነገር ነው። መጋቢት 6 ቀን ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮምፒዩተር አሠራሩ ላይ ካደረገው ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ስሕተት ተፈጠረና፣ ሰዎች በሒሳባቸው ውስጥ ከሌላቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሮጠ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪዎች ከመኝታቸው ተነሥተው በገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ኋላ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም በፈቃዱ ለመለሰ ሰው ክስ እንደማይኖር አሳውቆ የጊዜ ገደብ ሰጠ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቀኑ ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ቀን ሰኞ ነበር፤ እንግዲህ ያ ዓርብ የዘወረደ ሳምንት ዓርብ መሆኑ ነው። የሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን የገባው በዚያው ሰኞ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ከተሰለፉት መካከል ጾመኛ አልነበረም ብዬ ለማመን በጣም ያስቸግረኛል። በቀን ወተት የነካው ማንኪያ ሻይ ውስጥ ቢገባ ሻዩን የሚደፋ ልጅ፣ በሌሊት የማያውቀውን ሰው ገንዘብ ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ይህን የምጽፈው በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኔ በዚያ ጊዜ ካርድም ሒሳብም አልነበረኝም፤ ቢኖረኝ ምን አደርግ እንደ ነበር እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል።

ደግሞም በዚያ ሌሊት የተሠራው ሥራ ብልሃት የጎደለው አልነበረም። ወሬውን ቶሎ መስማት፣ ማሽኑ ሳይዘጋ መድረስ፣ ያወጡትን ወደ ሌላ ሒሳብ ማዛወር፣ ይህ ሁሉ አእምሮ ይጠይቃል። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እርሱም ያ ፋራ የምንለው ልጅ መሬት ላይ ያገኘውን ብር ይዞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ኋላ ፎቶግራፍ እንደሚለጠፍ ሲታወቅ ብዙዎች መመለሳቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ብልጠትም እንዲህ ያለውን ሥራ ትሠራለች። በቀን ብርሃን ስም ሲጠራ ጥበብና ብልጠት በአንድ መስመር ቆመው ገንዘብ ሊመልሱ ይችላሉ። የተለያዩት በሌሊቱ ነው፤ ማንም በማያይበት ጊዜ ወደ መኝታው ተመልሶ የተኛ ተማሪ ካለ እርሱ ነው ጠቢቡ። ስሙ ግን በየትም አልተለጠፈም።

እዚህ ላይ የመቐለ ልጅ የሆነ አንባቢ «ይህ ለእኛ አይሠራም» ሊል ይችላል። የእኛ ክርክር ከሌላው የከበደ ነውና በሚገባ ልንመልስለት ይገባል። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተነሣ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ባንኩ፣ ስልኩ፣ መብራቱ ተቋረጠ። የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ቀረ፤ በባንክ ገንዘብ ያለውም ሰው የራሱን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም። ትምህርት ቤቶቻችን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘግተው፣ ከዚያም ጦርነቱ ተከትሎ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እስኪከፈቱ ድረስ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። «ታዲያ እንዲህ የተወሰደብን ሰዎች በሆነ መንገድ ብንወስድ ካሳችን አይደለምን?» የሚል ድምፅ በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ አለ። ከምድራዊት ጥበብ ቃላት ሁሉ በጣም የሚያሳምነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ተወስዶብናል።

ይህን ክርክር በቤታችን ውስጥ በሁለት ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። እናቴ ትንሽ ሱቅ አለቻት። በዚያ ጊዜ ጥቂት ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ጨው ነበራት። ታላቅ ወንድሟ፣ ማለት አጎቴ፣ ሒሳብ የሚችሉ ሰው ናቸውና አንድ ማታ በሻማ ተቀምጠው አሰሉላት። «እኅቴ፣ ይህን ዘይት ዛሬ አታውጪው። መንገዱ ዝግ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ በእጥፍ ትሸጪዋለሽ። ልጆችሽን የሚያበላልሽ ሌላ ማን አለ?» አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተናገሩትም ለእኛ አዝነው ነው። ሒሳባቸውም ልክ ነበር። ዋጋው እሳቸው እንዳሉት ወጣ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ።

እናቴ ግን ባገኘችበት ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምራ ሸጠች። ገንዘብ ለሌለው፣ እርሱም ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ተቈልፎበት ለሚለምን ሰው፣ በዱቤ ሰጥታ በደብተር ጻፈች። የእኔ አሮጌ የሒሳብ ደብተር ነበር፤ በፊተኛው ገጽ የእኔ ክፍልፋዮች፣ በኋለኛው ገጽ የጎረቤቶቻችን ዕዳ።

ዳሩ ግን እናቴን ሞኝ ናት ብላችሁ እንዳትገምቱ እፈልጋለሁ፤ ጽሑፌንም የጀመርኩት ለዚህ ነው። ለቤታችን የሚበቃውን አስቀድማ ከአልጋ ሥር አስቀምጣ ነበር። ለአንድ ቤት ከአንድ ጠርሙስ በላይ አትሸጥም ነበር። አንድ ሰው በተለያዩ ልጆች እጅ እያስገዛ ሌላ ሰፈር ወስዶ በውድ እንደሚሸጥ ባወቀች ጊዜ ፊት ለፊት ከለከለችው፤ እርሱም ተሳደበ። ዱቤ የምትሰጠውንና የማትሰጠውንም ሰው ትለይ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገችው በስሌት ነው። ከአጎቴ የሚለያት ማስላቷ ወይም አለማስላቷ ሳይሆን፣ በስሌቱ ውስጥ ጎረቤቶቿም መግባታቸው ነው።

በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የመጋቢው ምሳሌ ለብዙ ጊዜ ሲያስቸግረኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። መጋቢው የጌታውን ንብረት ያባከነ፣ ከሥራ ሊባረር መሆኑን ሲያውቅ የባለዕዳዎችን ሰነድ ያስቀነሰ ሰው ነው፤ ጌታው ግን ስለ ብልሃቱ አመሰገነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ስሰማ «እንግዲያውስ አራዳነት በወንጌል ተፈቀደ» ብዬ በልቤ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው የተመሰገነው ማታለሉ አይመስለኝም። የሚመጣውን ቀን አይቶ፣ በእጁ ያለው ሳይወሰድበት በፊት ለሰው እንዲውል ማድረጉ ነው። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክም የእባብን ልባምነትና የርግብን የዋህነት በአንድነት እንዲይዙ ነው ያዘዛቸው፤ አንዱን መርጠው ሌላውን እንዲጥሉ አይደለም።

ይህንንም የምለው ከእኛ መካከል ስንፍናውን በመንፈሳዊነት የሚሸፍን ስላለ ነው። ለፈተና ሳያጠና «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ተማሪ ከላይ የምትመጣውን ጥበብ የያዘ አይደለም፤ ምድራዊቱንም አልያዘም። እንዲያው ባዶ እጁን ነው።

ሁለቱ ጥበቦች በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ እንማራለን። በክብረ ነገሥት እንደ ተጻፈው፣ ንግሥተ ሳባ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ ኢየሩሳሌም የወረደችው ወርቅ ፈልጋ አይደለም፤ የሰሎሞንን ጥበብ ለመስማት ነው። ሰሎሞንም ጥበቡን አሳያት፤ እርስዋም በእርሱ አምላክ አመነች። ነገር ግን ያው ሰሎሞን ንብረቱን ያለ ፈቃድ እንዳትነካ አስምሎ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ፣ በሌሊት በውኃ ጥም ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ስትል «መሐላሽን አፈረስሽ» ብሎ ያዛት። ይህ ታሪክ በጨርቅ ላይ እየተሣለ በየሥዕል መሸጫው ሲሰቀል ከልጅነታችን ጀምሮ አይተነዋል፤ እኔ ግን ንግሥቲቱ እንስራው አጠገብ ጎንበስ ብላ የምትታይበትን ሥዕል ሳይ ሁልጊዜ የማስበው፣ ያ ሰው ፍርድ የሚሰጥበትን አእምሮ ነው ወጥመድ የሠራበት ብዬ ነው። ከዚህም ምኒልክ ተወለደ፤ ለአገራችን ታላቅ ታሪክ ሆነ፤ እግዚአብሔር ከሰው ብልጠትም ውስጥ የሚፈልገውን ያወጣል። ስለ ውኃ ያደረገው ግን ጥበብ ነው ብሎ የሚያስተምረኝ መምህር እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ፤ እርሱም ፈተና ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመሠራጨቱ እንደ ተቋረጠ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ወስዶ በጥብቅ ጥበቃ ሲያስፈትን፣ ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆኑ። በዚያ ጊዜ የትግራይ ተማሪዎች አልተፈተኑም፤ የእኛዎቹ የተፈተኑት ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የውጤቱ ማነስ ሁሉ ከኩረጃ የመጣ ነው አልልም፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህር እጥረት፣ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። ቢሆንም ለዓመታት «መተጋገዝ» እያልን የጠራነው ነገር ከምን እንደ ተሠራ ያ ቁጥር ጥቂት አሳይቶናል።

እኔ ባለፈው ዓመት አጤሬራ ተቀብያለሁ። በታሪክ ትምህርት የክፍል ፈተና ላይ ከኋላዬ የተቀመጠው ጓደኛዬ ያቀበለኝን ወረቀት በመዳፌ ይዤ ገልብጬ ከ20 17 አመጣሁ። በልቤም «ሦስት ዓመት ተወስዶብኛል፤ ይህ ምን አላት?» አልኩ። ይህ ያን ጊዜ በጣም ትክክለኛ ንግግር መስሎኝ ነበር። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን 14 አመጣች። እርስዋም ሦስት ዓመት ተወስዶባታል፤ ከዚህም በላይ ተፈናቅላ ወደ መቐለ የመጣች ናት፤ ከእኔም የበለጠ አጥንታለች። መምህራችን ውጤቱን ሲያነቡ እኔን አመሰገኑ፤ እርስዋን «ጠንክሪ» አሏት። እንግዲህ ካሳዬን የተቀበልኩት ከማን ነው? ከወሰዱብን ሰዎች አንዲት ነጥብ አላስመለስኩም። የወሰድኩት አብራኝ ከተጎዳችው ነው። ስለ ካሳ የሚነገረውን ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ አላምነውም። ለመምህራችን እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም ነበር፤ ይህን ሲያነቡ ያውቁታል።

ለዚህ ነው እኛ በተለይ የምንጾምና የምንጸልይ ተማሪዎች ጾማችንን ከወተቱ አልፎ ወደ ወረቀቱና ወደ ገበያው እንዲሻገር ማድረግ አለብን የምለው። በዓርብና በረቡዕ ምን እንዳልበላን በሚገባ እናውቃለን። ሰኞ በክፍል ውስጥ ከማን ምን እንደ ወሰድን ግን የሚጠይቀን የለም፤ ወላጆችም ሰርተፊኬት ስናመጣ የሚያዩት ደረጃውን ነው። ወላጆቻችን ሆይ፣ በዚህ ሰኔ «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «እንዴት ሠራኸው?» ብትሉን ብዙዎቻችን እንደነግጣለን ብዬ አስባለሁ። መደንገጡ አይጎዳንም።

አጎቴ ይህን ጽሑፍ ሳልሰጥ በፊት አንብበውት «የእኔንም ሒሳብ እስከ መጨረሻው በትክክል ጻፈው» ስላሉኝ እጽፈዋለሁ። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን፣ እናቴ በ2014 ዓ.ም. በደብተሯ ከጻፈቻቸው ሰዎች አንዱ ሱቃችን ድረስ መጥቶ የነበረበትን 1,200 ብር ከፈለ። አጎቴ እዚያው ተቀምጠው ነበርና፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ 1,200 ብር በውጭ ገንዘብ ሲመነዘር ከግማሽ በታች መውረዱን አስልተው አሳዩን። ሒሳቡን እኔም ደግሜ ሠራሁት፤ ልክ ነው። እናቴ ሰውየውን ቡና እንዲጠጣ አስቀመጠችው፤ እኔም ደብተሩን አምጥቼ ስሙን ሰረዝኩ። ዘጠኝ ስሞች ይቀራሉ።